ዩብዶ፣ ባኮና የሚታጠፈው ፕላስቲክ

ስለ ፕላቲነም ያለን ወግ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። “ወለጋ ውስጥ እኮ ፕላቲነም አለ” እንላለን። ቀጥሎ “ቢወጣ ኖሮ…” እንላለን። ከዚያ ማኪያቶው ይመጣና ወሬው ወደ አርሴናል ይዞራል። ሀብታችንን በ“ቢሆን ኖሮ” የምንቆጥር ትውልድ ነን። ዛሬ ግን ይህንን ወግ ከሌላ ጫፍ ልንጀምረው አሰብን፤ ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አምቦ ውሃ መታሸግ የጀመረው በ1930 ነው። የጠርሙሱን ወረቀት አንብቦ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ስንጠጣ የምናየው አረፋውን ነዋ። ወረቀቱ ላይ ግን ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሺየም፣ ባይካርቦኔት የሚል ዝርዝር አለ። እነዚህ ሁሉ አዮኖች ናቸው፤ ኤሌክትሮን ጨምረው ወይም አጉድለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች። ኬሚስቶች ስም ሳያወጡላቸው በፊት የኦሮሞ ከብት አርቢ ያውቃቸው ነበር። ከብቱን ወደ ሆራ የሚነዳው ተራ ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ሆራው ውስጥ ያለውን ጨው ፈልጎ ነው።

ከአምቦ ተነስተን ወደ ምዕራብ እንጓዝ። ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን አልፈን፣ ነቀምትን ተሻግረን ጊምቢ ስንደርስ ከአዲስ አበባ ወደ 440 ኪሎ ሜትር ርቀናል። ከጊምቢ ወደ ደቡብ ምዕራብ የብርብር ወንዝ ሸለቆና ዩብዶ አሉ። ከመንገዱ በአንደኛው ጫፍ በአዮን የተሞላ ውሃ፣ በሌላው ጫፍ ፕላቲነም መሆኑ ነው። ሁለቱን በስስ ፕላስቲክ ውስጥ ብናገናኛቸው ካለፉት ሠላሳ ዓመታት አስገራሚ የምርምር ውጤቶች አንዱን እናገኛለን፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው እንደ ጡንቻ የሚታጠፍ፣ ስናጥፈው ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቁራጭ።

ይህ ነገር ግን የተሠራው በዚያ መንገድ ላይ አይደለም። ለምን? ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ከ“ቢወጣ ኖሮ” ወግ ጋር የሚጣላ ሆነ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ የአዮን ፖሊመርና የብረት ውሁድ ነው። ፈረንጆቹም ረዝሞባቸው አይ.ፒ.ኤም.ሲ. ብለው አሳጥረውታል። እኛ እዚህ “የሚታጠፈው ፕላስቲክ” እንበለው።

ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በሁለቱም ገጹ ፕላቲነም ተለብጧል። መሐል ያለው ፕላስቲክ ውሃ ይጠጣል፤ ውስጡም በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቦዮች የተሞላ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር የተሰፉ፣ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ኔጌቲቭ ቻርጆች አሉ። ፖዘቲቮቹ አዮኖች ግን ነጻ ናቸው፤ በቦዮቹ ውስጥ እንደልባቸው ይዋኛሉ።

ሁለቱን የፕላቲነም ገጾች ከአንድ ወይም ከሁለት ባትሪ ድንጋይ ጋር ስናገናኛቸው ነጻዎቹ አዮኖች ወደ ኔጌቲቩ ገጽ ይጎርፋሉ። ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ ውሃ ተሸክመው ነው። እነሱ የደረሱበት ገጽ ያብጣል፣ የለቀቁት ይኮማተራል፤ ቁራጩም ወደ ፖዘቲቩ በኩል ይታጠፋል። ሽቦውን ስናቀያይር ወደ ሌላው ወገን ይታጠፋል። ሞተር የለው፣ ጥርስ የለው፣ ድምፅ የለው።

ተገላቢጦሹም ይሠራል። በጣታችን ስናጥፈው ውስጡ ያለው ውሃና አዮን ከተጨመቀው በኩል ወደተለጠጠው ይሸሻል፤ በሁለቱ ገጾች መካከልም ጥቂት ሚሊቮልት ይታያል። ስለዚህ አንዱ ቁራጭ ሁለት ሙያ አለው፤ ሲያዙት ይንቀሳቀሳል፣ ሲነኩት ይናገራል። መሐንዲሶች የመጀመሪያውን አንቀሳቃሽ፣ ሁለተኛውን ሴንሰር ይሉታል።

ተመራማሪዎቹ የትኛው አዮን የተሻለ ጉልበት እንደሚሰጥም መርምረዋል። በብዙ ሙከራ አንደኛ የወጣው ሊቲየም ነው፤ ሶዲየም ይከተላል፤ ፖታሺየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከኋላ ይመጣሉ። የአምቦ ጠርሙስ ዝርዝር ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ውድድር ተሰልፏል ማለት ነው። ይሁንና ፕላስቲኩን አምቦ ውሃ ውስጥ ብንዘፈዝፈው የምናተርፈው ነገር የለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም እያንዳንዳቸው ሁለት ቻርጅ ስለያዙ ከፕላስቲኩ ጋር አጥብቀው ይጣበቃሉ፤ ፈጣኖቹን አስወጥተው ቦታቸውን ይወርሳሉ። ለሆድ የሚስማማ ሁሉ ለቤተ ሙከራ አይስማማም።

ከእንቁራሪት እግር እስከ ኦሳካ

ኤሌክትሪክና እንቅስቃሴ ዘመድ መሆናቸው የታወቀው በእንቁራሪት ነው። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ ሲወራጭ አየና ያየውን በ1791 አሳተመ። ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው የሚመነጭ መሰለው። የአገሩ ሰው አሌሳንድሮ ቮልታ ግን “የለም፣ ከብረቶቹ ነው” ብሎ ተከራከረው። በ1800 የመጀመሪያው ባትሪ የተወለደው ከዚህ ክርክር ነው።

በ1880 ሁለት ነገሮች በተለያየ ቦታ ሆኑ። ኋላ ኤክስሬይን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የተወጠረ የጎማ ቁራጭ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ርዝመቱ እንደሚለወጥ አሳየ። ፈረንሳይ ውስጥ ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ደግሞ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አገኙ። በማግስቱ ዓመት ጋብርኤል ሊፕማን “ከሆነማ ተገላቢጦሹም መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ ብንሰጣቸው ቅርጻቸው መለወጥ አለበት” ብሎ በስሌት ተነበየ። ኩሪዎቹ ሞክረው እውነት ሆኖ አገኙት። ይህንን የሁለት መንገድ ነገር እንያዘው፤ ኋላ ይመጣል።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባዝል ያለው ቬርነር ኩንና ሬሆቮት ያለው አሮን ካቻልስኪ ከፖሊመር የተሠራ ክር አሲድ ሲነካው የሚያጥር፣ አሲዱ ሲረክስለት የሚረዝም መሆኑን አሳዩ። ክሩ ክብደት ያነሳ ነበር። ሰው ሠራሽ ጡንቻ የሚለው ሐሳብ ከቀልድ ወደ ኬሚስትሪ የተሻገረው ያኔ ነው። ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነበር፤ ጡንቻን በአሲድ ባልዲ ማዘዝ ለማንም አይመችም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ግሮት የሚባል የዱፖንት ኬሚስት ናፊዮንን ሠራ። ናፊዮን የቴፍሎን ዘመድ ነው፤ አሲድ አይበላውም፣ ሙቀት በቀላሉ አይረታውም። ልዩነቱ ፖዘቲቭ አዮኖችን ያሳልፋል፣ ኔጌቲቮቹን ይከለክላል። በሰፊው ያገለገለው የጨው ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነው። ኋላም በሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ፊዩል ሴሎች ልብ ሆነ። ሲሠራ ስለ ጡንቻ ያሰበ አልነበረም።

ወደ 1992 እንምጣ። ጃፓን፣ ኦሳካ በሚገኝ የመንግሥት የምርምር ተቋም ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል እንዲህ ባለው ፕላስቲክ ላይ ፕላቲነም መለበጥ የቆየ ሙያ ነበር። ኬይሱኬ ኦጉሮና ባልደረቦቹ የተለበጠው ቁራጭ በትንሽ ቮልት እንደሚታጠፍ በዚያ ዓመት ጻፉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሳዴጊፑር፣ ሰሎሞንና ኒዮጊ ንዝረትን የሚለካ ነገር ሊሠሩ ተነስተው ይኸው ዓይነት ፕላስቲክ ሲነካ ቮልት እንደሚሰጥ ጻፉ። በኒው ሜክሲኮ ሞህሰን ሻሂንፑር ደግሞ በአዮን ፖሊመር ጡንቻ የሚዋኝ ሮቦት ንድፍ አወጣ። አንዱ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ እንቅስቃሴ አየ፤ ሌላው እንቅስቃሴ ሰጥቶ ኤሌክትሪክ አየ። ኩሪዎቹና ሊፕማን ከመቶ ዓመት በፊት የሄዱበት የሁለት መንገድ ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ተደገመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ፕላቲነም የሚወጣበት ሸለቆ አልነበራቸውም። ፕላቲነሙን ገዝተውታል፤ ጥያቄውን ግን አልገዙትም።

ሸለቆው ያለው ማን ነበር?

ሸለቆው ያለን እኛ ነበርን። የዩብዶ ታሪክም ከሩሲያ አብዮት ጋር የተያያዘ ነው። እስከ 1917 ድረስ የዓለም ፕላቲነም አብዛኛው የሚመጣው ከኡራል ተራሮች ነበር። አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ያንን በር ሲዘጉት ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ፈላጊዎች በየአህጉሩ ተበተኑ። የኢጣሊያው ማዕድን ፈላጊ አልቤርቶ ፕራሶ በምዕራብ ኢትዮጵያ የማዕድን ፈቃድ ያገኘ ሰው ነበር፤ የዩብዶ ፕላቲነም በ1920ዎቹ ገበያ የወጣው በዚህ መስመር ነው። ማዕድኑ የሚገኘው ጥንታዊው አለት በዝናብና በፀሐይ ፈርሶ በተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ነው። ሥራው አፈሩን መቆፈርና ማጠብ ነበር። የቆፈረውና ያጠበው ያገሬው ሰው ነው።

አፈሩን መርምሮ የጻፈው ግን ሌላ ነው። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ሉዊ ዱፓርክ የኡራልን ፕላቲነም ያጠና የዘመኑ ታላቅ አዋቂ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በ1927 ከብርብር ሸለቆ ስለመጣ እንግዳ ድንጋይ አንድ ጥናት አወጡ። ድንጋዩንም በወንዙ ስም “ብርብራይት” አሉት። ዛሬም የዓለም ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለ ድንጋይ የትም ሲያገኙ፣ ብራዚልም ይሁን ግብፅ፣ ብርብራይት ይሉታል። የወለጋ ወንዝ ስም በዓለም መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ፤ ያስገባው ግን ጄኔቫ ያለ ማይክሮስኮፕ ነው።

ቀጥሎ ወረራው መጣ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት አጠቁ። ከሞቱት መካከል ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። አዶልፎ ፕራሶ የሚባል የማዕድን መሐንዲስም አብሯቸው ሞቷል። ጄኔራሎች ጋር በአንድ አውሮፕላን ጉዞ የማዕድን መሐንዲስ መኖሩ ወራሪው ወደ ምዕራብ ሲያይ ምን ይታየው እንደነበር ይናገራል።

ዩብዶ ግን እንደታሰበው ዓለምን አላናወጠም። በ1924 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሃንስ ሜሬንስኪ በስሙ የተጠራውን የፕላቲነም ንጣፍ አግኝቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የትም ያለ ትንሽ ሸለቆ ከዚያ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። “ቢወጣ ኖሮ” የምንለው ፕላቲነም እንግዲህ ወጥቷል። ለአሥርተ ዓመታት ወጥቷል። ሀብታም ግን አላደረገንም።

በሚታጠፈው ፕላስቲክ ሒሳብ ደግሞ ብረቱ ትንሹ ነገር ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ፕላቲነም ጥቂት ሚሊግራም ነው። አንድ ኪሎ ፕላቲነም ይዞ የተነሳ ሰው የመኖሪያ ቤት ወለል የሚያህል ስፋት ይለብጥበታል። የቁራጩ ዋጋ ያለው ከብረቱ ይልቅ አለባበሱን በማወቅ ላይ ነው።

ተስፋውና ልኩ

ነገሩን ተአምር አስመስለን እንዳናልፍ፣ የደረሰበትንም እንናገር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የናሳው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተመራማሪ ዮሴፍ ባር-ኮሄን ይህንን ፕላስቲክ ወደ ትንሽ ፕላኔታዊ አካል ሊላክ ለታሰበ አነስተኛ ሮቨር የአቧራ መጥረጊያ አድርጎ ሞከረው። የሮቨሩ ፕሮጀክት በ2000 ተሰረዘ፤ መጥረጊያውም አልበረረም። በ1999 ይኸው ሰው በሰው ሠራሽ ጡንቻ የሚሠራ ክንድ ከሰው ጋር እጅ ትግል ገጥሞ እንዲያሸንፍ ዓለምን ፈተነ። ግጥሚያው በ2005 ሳን ዲዬጎ ላይ ሲደረግ ከተለያዩ የፖሊመር ጡንቻዎች የተሠሩ ሦስት ክንዶች ቀረቡ። ሦስቱንም ያሸነፈቻቸው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

የኛው ፕላስቲክ ዋና ድክመት ውሃው ነው። አየር ላይ ሲቆይ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሞታል። ቮልቱን ከፍ ስናደርግበት ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ራሱ ወደ ጋዝ መከፈል ይጀምራል። ጉልበቱም ትንሽ ነው። በ2004 የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ውሃውን በማይተኑ የጨው ፈሳሾች ተክተው ዕድሜውን አራዘሙ፤ ፍጥነቱ ግን ቀነሰ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። ናፊዮን ከእነዚያ በተፈጥሮ ከማይበሰብሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ቤተሰብ ነው፤ አውሮፓ በ2023 ቤተሰቡን በሙሉ የሚገድብ ሐሳብ አቅርባለች። ምትክ ፕላስቲክ ፍለጋው ቀጥሏል።

የተሳካለት በራሱ ቤት ነው፤ ውሃ ውስጥ። ጃፓን ውስጥ በዚህ ፕላስቲክ የሚዋኙ መጫወቻ ዓሦች ተሠርተዋል። ሚሺጋን ውስጥ ጭራው ከዚሁ ፕላስቲክ የሆነ ሮቦት ዓሣ ተሠርቷል። በደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ጫፉን እንዲያጥፍ ለማድረግም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተሞክሯል። በሴንሰርነቱ ደግሞ የውሃ ፍሰትን፣ ንዝረትንና መታጠፍን ያለ ባትሪ ይናገራል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የራሱ ቦታ ያለው ትንሽ ነገር።

ሁለት ስሞች በአንድ መንገድ ላይ

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከአምቦ ወደ ነቀምት ስንሄድ ባኮን እናልፋለን። በባኮ አጠገብ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ገበሬ “ቢኤች” እያለ የሚጠራቸው የበቆሎ ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው፤ የባኮ ድቅል ማለት ነው። ቢኤች-660 የተባለው በ1993፣ ማለትም ከኦሳካው ጽሑፍ አንድ ዓመት በኋላ ተለቀቀና በአገሪቱ ከተዘሩት የበቆሎ ዝርያዎች ሁሉ ዝነኛው ሆነ። ፕላስቲኩ ኦሳካ ላይ ሲታጠፍ ባኮ ላይ ሰዎች የበቆሎ ዘንግ ለዘንግ እያዳቀሉ ነበር።

ብርብራይትና ባኮ ድቅል። ሁለቱም ከአንድ መንገድ የተወሰዱ የቦታ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያው ስም የወጣው ድንጋዩ ከአገር ከወጣ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ስም የወጣው ሥራው እዚያው ስለተሠራ ነው። ለመጀመሪያው ያዋጣነው አፈር ነው። ለሁለተኛው ያዋጣነው ጥያቄ፣ ማሳ፣ መዝገብና ትዕግሥት ነው። በቆሎ ከኢትዮጵያ የተገኘ ተክል እንኳ አይደለም፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ጥሬ ዕቃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙም እንደማይወስን ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

በመንገዱ መነሻ ያለችው አምቦም የትምህርት ከተማ ናት። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የሚታጠፈውን ፕላስቲክ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብንዘረዝር ዝርዝሩ አያስፈራም። አንድ ሉክ ናፊዮን። ገጹን ለማሻከር የብርጭቆ ወረቀት። ማፍያ አሲድና የተጣራ ውሃ። ሌሊቱን የሚዘፈዘፍበት የፕላቲነም ጨው። በሞቀ ውሃ ውስጥ ጠብ እያደረጉ የሚጨምሩት ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ፤ ይህ ነው ፕላቲነሙን ከጨው ወደ ብረት የሚመልሰው። ግልጹ ፕላስቲክ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ሲደጋገም ብርማ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሊቲየም ወይም የሶዲየም መፍትሔ ውስጥ ይገባል። የቀናት ሥራ ነው። ከባድ ማሽን አይጠይቅም፤ ጠረጴዛ፣ ጓንት፣ የሚያስተምር ሰውና ሁለት ሦስት ጊዜ ሲበላሽ የማይቆጣ በጀት ይጠይቃል።

ከዝርዝሩ ውድና አስቸጋሪ የሚሆነው የመጨረሻው ነው ብለን እንፈራለን። ኦሳካዎቹ ሲታጠፍ ያዩት ፕላስቲኩን ለዓመታት ለሌላ ሥራ ሲለብጡት ስለኖሩ ነው። የባኮዎቹም ድቅል በአንድ ክረምት አልመጣም። ሁለቱም ቤት ውስጥ የነበረው ነገር አንድ ነው፤ ውጤት ባይኖርም ነገ ተመልሰው የሚቀጥሉበት ጠረጴዛ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ወዳጃችን “ወለጋ ውስጥ እኮ ፕላቲነም አለ” ሲለን “አዎ፣ ወጥቷልም” እንበለው። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ እናስከትል፤ ከአምቦ እስከ ጊምቢ ባሉት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ በዚህ ሳምንት በእጁ የነካው ዕቃ ምን ነበር? የመልሱ ጉዳይ ከማዕድን ሚኒስቴር ይልቅ እኛን ይመለከታል።